ኮልት 1873ን ለጽዳት መፍታት

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የዋለው ኮልት ነው፤ አሜሪካኖቹ ሲንግል አክሽን አርሚ የሚሉት ባለ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር። ከጥንቶቹ በቀር ለዘወትር ጽዳት ካቻቢቴ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ጥይት የሚባል ከምትሠሩበት ክፍል ይውጣ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ፣ መቺውን (ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበውን) ሁለተኛዋ "ቀጭ" ድረስ፣ ማለትም እስከ ግማሽ መሳብ። ያኔ ሲሊንደሩ (ጥይቱን የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል) በነፃ ይዞራል። በቀኝ ያለችውን የማጉረሻ በር ከፍቶ ስድስቱንም ጉድጓድ አንድ በአንድ ማየት። አምስቱን አይቶ "ባዶ ነው" ማለት አይሠራም!

ቀጥሎ ከበርሜሉ ሥር ያለውን መቆለፊያ ተጭኖ የሲሊንደሩን ዘንግ ወደ ፊት መሳብ (የጥንቶቹ ላይ በመቆለፊያው ፋንታ ብሎን አለ፣ እሱን ማላላት ነው)። ሲሊንደሩ በቀኝ በኩል ይወጣል። ዘንጉ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የባሩድ ጥላሸት ይዞት ነው፤ ዘይት ጠብ አድርጎ መታገስ እንጂ በፒንሳ መንጨት ጭንቅላቱን ይበላዋል።

በርሜሉ ከኋላ በፍሬሙ ስለተጋረደ ብሩሹ የሚገባው በአፈሙዝ ነው። የብሩሹ ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀው ዒላማው ይበላሻል። የውስጥ ብሎኖችን ግን ያለ ምክንያት ባትነኩ ይሻላል፤ ምላጩን የሚገፋው ባለ ሁለት ጣት ስስ ሞላ ቶሎ ይሰበራል።

ሲገጠም ዘንጉ እስኪቆለፍ ይገፋ። የጣሊያኑ አምራች የኡቤርቲ ቅጂዎች ላይ ዘንጉ ሁለት እርከን አለው፤ አልፎ ከገባ መቺውን ያግደዋል፣ ብልሽት እንዳይመስላችሁ። መቺውን ደግሞ ከግማሽ ላይ በቀጥታ አታውርዱት፣ ሲሊንደሩ ዙሪያውን ይጫራል። በሩን ዘግቶ፣ እስከ መጨረሻው ስቦ፣ በአውራ ጣት ይዞ ቀስ አድርጎ ማውረድ።