ደሙ የት ጋ ቆመ?

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ፣ ማታ

ውጭ ውርጩ ጀምሯል። ሰሞኑን እገዛ የሚጠይቁ የነርሲንግ ተማሪዎች የያዙት አሳይመንት አንድ ዓይነት ነው፦ «ስትሮክ አንጎልን እንዴት ይጎዳል?» አብዛኛው መልስ «ሽባነት፣ የንግግር መጥፋት፣ የዕይታ መቀነስ፣ ራስን መሳት» ብሎ ይደረድርና ያበቃል። ስህተት የለበትም። ግን አልጋ አጠገብ ሲቆሙ የሚይዙት ነገር አይሰጥም። ምልክት ከመሸምደድ በፊት «ደሙ የት ጋ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የቀረው ሁሉ፣ ኬር ፕላኑም (የእንክብካቤ ዕቅዱም) ጭምር፣ ከዚያ ይወጣል።

አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከኦክስጅኑ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥበት ጎተራ ግን የለውም። በደህና ጊዜ ለ100 ግራም የአንጎል ክፍል በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ይደርሰዋል። ይህ ወደ 20 ሲወርድ ሴሎቹ በሕይወት እያሉ ሥራ ያቆማሉ። ከ10 በታች ሲሆን ጉልበት አልቆ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፤ ሶዲየም ይገባል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ካልሲየም ይጨመርበታል፣ ሴሉ አብጦ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። የሸዋ ሮቢትን መስኖ ያየ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዋናው ቦይ ሲደፈን ከሥሩ ያለው ማሳ ወዲያው ይደርቃል፤ ዳር ያለው ግን ከጎን ቦይ በሚንጠባጠብ ውሃ ጠውልጎ ይቆያል። ሕክምናው የሚሯሯጠው ለዚህ ለጠወለገው ማሳ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደም ቅዳ በረጋ ደም ሲደፈን ነው፤ አንደኛው የስትሮክ ዓይነት ይህ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የደም ሥር መፈንዳት ነው፤ የደም ግፊት ሳይታወቅና ሳይታከም በሚቆይበት አካባቢ የዚህኛው ድርሻ ከፍ ይላል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ሲቲ ሳይነሳ አስፒሪን አይሰጥም።

አሁን ወደ ካርታው። ብዙ ጊዜ የሚደፈነው መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ፣ በዋርድ ቋንቋ ኤምሲኤ፣ ነው። የሚያጠጣው የፊትንና የእጅን ትእዛዝ የሚሰጠውን የጎን ክፍል ስለሆነ እጅ ከእግር የባሰ ይዝላል። የፊተኛው ደም ቅዳ ሲደፈን ደግሞ እግር ከእጅ ይብሳል። የኋለኛው ሲሆን የሁለቱም ዓይን የአንድ ጎን ዕይታ ይጠፋል። የነርቭ መስመሮቹ ሜዱላ (የአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል) ላይ ስለሚሻገሩ የግራ አንጎል ጉዳት የቀኝ ጎንን ያዝላል። ሚዛን የሚጠብቀው የኋላ ታችኛው አንጎል፣ ሴሬቤለም፣ ሲጎዳ ግን የሚያንገዳግደው በራሱ ጎን ነው፤ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

የተጣመመ አፍ ያየ ሁሉ ስትሮክ አይበል። «ግንባርዎን ይሸብሽቡ» ብሎ ማየት ነው። በስትሮክ ግንባሩ ከሁለቱም አንጎል ትእዛዝ ስለሚደርሰው ይሸበሸባል። የፊት ነርቭ ራሱ ሲጎዳ ግን ግንባሩም ይዝላል፣ ዓይኑም አልከደን ይላል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካትም አይዘለል፤ የስኳር መውረድ ግማሽ ሰውነትን አዝሎ ስትሮክ መምሰል ይችላል።

በአብዛኛው ሰው የቋንቋ ቦታ ግራ አንጎል ላይ ነው። ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የገለጸው በሽተኛ የሚባለውን እየተረዳ «ታን» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከመንዝ ሲመጣ ቤተሰቡ «አእምሮውን ስቷል» ይላል። አልሳተም፤ ይሰማል፣ ይረዳል፣ ይበሳጫል። ስሙን መናገር ያቃተው ሰው «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሳይደነቃቀፍ ሊደግም ይችላል፤ በልምድ የተቀረጸ ንግግር አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚሠራው ክፍል ጋር አብሮ ላይጠፋ ይችላልና። «አባባ፣ ያምዎታል?» ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ፣ ራሱን እስኪነቀንቅ በትዕግሥት መጠበቅ። የንቃት መለኪያው ጂሲኤስ ሲሞላም የንግግሩ ነጥብ የወረደው በአፌዥያ (በአንጎል ጉዳት ቋንቋ በመጥፋቱ) መሆኑን ጎን ላይ መጻፍ ያሻል፤ አለበለዚያ ተረኛው ራሱን እየሳተ ያለ ሰው ይመስለዋል።

የቀኝ አንጎል ጉዳት ደግሞ ጸጥተኛ ነው። ትሪው ይቀርባል፤ በሽተኛው በስተቀኝ ያለውን እንጀራ በልቶ ያቆማል፤ ግራው ወጡ እንደፈሰሰበት ሳይነካ ይቀራል። ቤተሰብ «ጠገበ» ብሎ ያነሣዋል። አልጠገበም፤ ለእሱ ግራ የሚባል ወገን የለም። ትሪውን ቢያዞሩለት ይቀጥላል። ከጋቢው ሥር የተጣጠፈ ግራ እጁን ረስቶ ሊተኛበትም ይችላል። ያንን እጅ ትራስ ላይ ማሳረፍ ይገባል፤ ሲያነሡት ደግሞ በብብቱ ወይም በእጁ መጎተት የዛለውን ትከሻ ያወልቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ አጥሚቱ ነው። እናት ወይም ሚስት ከቤት ጀምራ በፍቅር ይዛ የመጣችውን አጥሚት በተኛበት በማንኪያ ታጎርሰዋለች። የጉሮሮ ጡንቻ ሲዝል አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ስሜቱም ስለጠፋ ላያስለው ይችላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሙቀትና የሳንባ ምች ይመጣል። ስለዚህ እስኪፈተን ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ክኒንም ቢሆን። መጀመሪያ የነቃ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ መስጠት፣ ሲውጥ ማንቁርቱ ከፍ ሲል በጣት መዳሰስ፣ ከዚያ «አ» በሉ ማለት። ድምፁ ውሃ እንዳዘለ ሆኖ ከመጣ ወይም ካሳለው እዚያው ይቆማል፤ ለሐኪሙ ይነገራል። ለቤተሰቡም ምክንያቱ በደንብ ይነገር። ምክንያቱን ያላወቀ ቤተሰብ ነርሷ ዞር ስትል ያጎርሳል።

ሰዓትም አለ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም ከተገኘበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ከታየበት ሰዓት ነው። ማታ በ3 ሰዓት ደህና ተኝቶ ንጋት 12 ላይ ዝሎ የተገኘ ሰው 9 ሰዓት አልፎታል። ቤተሰቡ «ዶሮ ሲጮህ» ወይም «ከብት ሲገባ» ሊል ይችላል፤ እየጠየቁ ወደ ሰዓት መመለስ ነው። በሀገራችን አቆጣጠር «9 ሰዓት» የተባለውን ቅጹ ላይ በፈረንጅ እንደ 9 መጻፍ የ6 ሰዓት ስህተት ነው፤ ያ ብቻውን ሕክምናውን ያሳጣል። «መጋኛ ነው» ብሎ ቤት ለማቆየት የሚያስብ ዘመድም ይህን ቁጥር ቢሰማ ይነሣል።

ግፊት 190/100 ሲታይ እጅ ቶሎ ወደ መድኃኒት ይሄዳል። በመደፈን ከሆነ ግን የጠወለገውን ማሳ የሚያጠጣው ያ ግፊት ነው። የሚያሟሟው መድኃኒት ለማይሰጠው ሰው በመጀመሪያው ቀን እስከ 220/120 ድረስ ብዙ ጊዜ ይታገሡታል፤ ለሚሰጠው ከ185/110 በታች መውረድ አለበት። ደም ከፈሰሰ ደግሞ ሌላ ነው፣ የላይኛውን ቁጥር ወደ 140 ገደማ ለማውረድ ይሞከራል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር በሰዓቱ ማቅረብ ግን የነርሷ ነው።

ትልቅ ስትሮክ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ያብጣል። ትናንት የሚመልስ የነበረ ዛሬ እንቅልፍ ከበዛበት፣ «ደክሞት ነው» አይባል። በየሰዓቱ መብራት አብርቶ ሁለቱን የዓይን ብሌኖች ማወዳደር ነው፤ አንዱ ሰፍቶ ለብርሃን ካልጠበበ፣ ወይም ግፊቱ እየወጣ የልብ ምቱ ከቀነሰና ትንፋሹ ከተዛባ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሐኪሙ ከእንቅልፉ ይጠራል።