ደሴ ላይ ቤት ስገዛ ደላላዬን እንዴት እንዳገኘሁ

ደሴ ቤት ልግዛ ብዬ ከኮምቦልቻ ስነሳ የሚያስጨንቀኝ ቤቱ ነበር። ከቤቱ በፊት ደላላ መፈለግ እንዳለብኝ የገባኝ 20,000 ብር ከከሰርኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ደላላ ቀልጣፋ ልጅ ነው። ፒያሳ ተገናኘን፣ በግማሽ ቀን አምስት ቤት አዞረኝ። አንዱን እንደወደድኩት ከፊቴ አነበበና «ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል፣ ቶሎ ቀብድ ጣል» አለኝ። ጣልኩ። ለባለቤቱ አይደለም፣ ለልጁ! ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር። በሳምንቱ ሻጩን ሳገኘው ስለ እኔ የሰማው ነገር የለም። ሚስቱም ቤቱ ይሸጥ አላለችም። ልጁ ለካ ቤቱን ያገኘው ከሌላ ደላላ ነው፣ ያኛውም ከሌላ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሻጩ ግን ምኑን ተቀበለና? ብሩ ሦስት ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በሁለተኛው ዙር ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ስለ ቤት ማንንም አልጠየቅኩም። ቤታቸውን በቅርብ የሸጡ ሰዎችን ነው ያፈላለግኩት። ገዢ አዲስ ቤት ገብቶ ደስ ብሎት ደላላውን ያመሰግናል። ሻጭ ግን ገዢው በእውነት ስንት እንደከፈለ ውሎ አድሮ ይሰማል። «አንተ የምትፈልገውን ንገረኝ፣ ከዚያ በላይ ያመጣሁት የኔ ነው» ብሎ የሚያስማማ ደላላ አለና። ያ ትርፍ የሚወጣው ከገዢ ነው፣ ማለትም ከእኔ። የማይተዋወቁ ሁለት ሻጮች አንድ ሽማግሌ ጠቆሙኝ። ሰፈሩ ሐጂ ይላቸዋል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና ይዘን ተቀመጥን። «ሐጂ፣ የሚያሳዩኝን ቤት የያዙት ከባለቤቱ ነው ወይስ ከደላላ?» አልኳቸው። ስልክ አውጥተው ባለቤቱን እዚያው አገናኙኝ። «ከሻጩስ ኮሚሽን ይወስዳሉ?» አልኩ። «2 በመቶ ካንተ፣ 2 በመቶ ከሱ፤ እሱም ያውቃል» አሉ። ይጻፍልኝ ስል ሳቁ፣ ግን ፈረሙ።

መጨረሻ ላይ የቤቱን ጉድለት ጠየቅኩ። «ኩሽናው ያፈሳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ በበሩ ነው የሚያልፈው። አሁን ግንቦት ነው ልጄ፣ በሐምሌ ተመልሰህ እየው።»

ደሴን የሚያውቅ ይሄ ይገባዋል። ከተማው ተዳፋት ላይ ነው፤ በበጋ የማያምር ቤት የለም። ሐምሌ ላይ ካፖርት ለብሼ ተመለስኩ። ጎርፉ እንዳሉት በበሩ አለፈ፣ ግን ቦዩን ይዞ። እኔ በግንቦት ቆንጆ ያልኩት ሌላ ቤት ደግሞ የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ጎረቤት አዘንብሏል። ያኔ ነው የወሰንኩት።

ሐጂ እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። ስልክ አያነሡም፣ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ከቤት አይወጡም፣ አንድ ቤት ለማሳየት የሰፈሩን ታሪክ በሙሉ ያስሰሙሃል። ወረቀት ላይ ግን ጥንቁቅ ናቸው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምንገዛው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለዚህ የካርታ ፎቶ ኮፒ አይተው አያምኑም፤ ማህደሩ ካለበት ቢሮ ወስደው እዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት አስጠየቁኝ። ውል የምንዋዋል ቀን ሻጩ ብቻውን መጣ። «ባለቤትህስ?» አሉት። ታማለች አለ። «እንግዲያው ይማርልን፣ ስትድን እንመጣለን» ብለው ተነሡ።

እሷም በማግስቱ መጣች፤ ውሉን ሰነድ የሚያረጋግጠው ቢሮ ፊት ሁሉም ፈረመ። ብሩ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤቴ እስከዛሬ በ2 በመቶዋ ታጉረመርማለች። ኩሽናውም ዝናብ በመጣ ቁጥር ያፈሳል፣ ሰታቴ ደቅነንበታል። ምን እላቸዋለሁ? ነግረውኛል።