የጥጥ መጋረጃን እሳት እንዲቋቋም መንከር፦ ከውህዱ ይልቅ ማድረቁ ያስቸግራል

የዚህ ዙር ሙከራ ቀለም ያልገባ አቡጀዲ ላይ ነው። ውህዱ የታወቀው የ7 ለ3 ቅንብር ነው፦ 900 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 70 ግራም ቦራክስ፣ 30 ግራም ቦሪክ አሲድ። ቦራክስ ብቻውን ነበልባሉን ያጠፋል፤ ፍሙ ግን ጨርቁን እየበላ ይቀጥላል። ፍሙን የሚገታው ቦሪክ አሲዱ ነው። ሁለቱም በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ስለማይሟሙ፣ ባልዲው ሥር ዱቄት ከተቀመጠ እንደገና ይሞቅ።

አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለበት ውሃ አይጠጣም። በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። ሲደርቅ የውሃ ጠብታ ወዲያው ካልሰረገበት እጥበቱ አልበቃውም። ደረቁን ጨርቅ መመዘን አይዘለል። 1 ኪሎ ጨርቅ ተነክሮና ተጨምቆ 1.8 ኪሎ ሲመዝን 800 ግራም ውህድ ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ 80 ግራሙ ጨው (የሟሟው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ) ነው፣ የጨርቁ 8 በመቶ ማለት ነው። ጭመቃው ላልቶ 2.2 ኪሎ ላይ ከቆመ፣ ሲደርቅ ይገተራል፣ ነጭ ዱቄትም ያራግፋል።

ሥራው በብዛት የሚበላሸው ገመድ ላይ ነው። ጨው ውሃውን ተከትሎ ይጓዛል፤ ጨርቁ እርጥቡን ቀጥ ብሎ ከተሰቀለ የላይኛው ጫፍ ይራቆታል፣ የታችኛው ይጠግባል። ፀሐይ በአንድ ወገን ብቻ ካገኘውም ጨው ወደዚያው ገጽ ይወጣል። ስለዚህ ጥላ ላይ፣ ወንፊት ወይም የተወጠረ መረብ ላይ አጋድሞ በየ20 ደቂቃው መገልበጥ ይሻላል።

ለፍተሻ 5 በ30 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ከላይም ከታችም ይቆረጥ። ደጅ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ አጠገብ ይንጠልጠልና የሻማ ነበልባል ታችኛው ጫፉን 12 ሰከንድ ይንካው። የላይኛው ነድዶ የታችኛው ከተረፈ ጥፋቱ የማድረቅ ነው። ሁለቱም ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ከበላቸው ቦሪክ አሲዱ አልሟሟም። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ከነደዱ ስታርቹ አልወጣም ወይም ጭመቃው በዝቷል።

በቦራክስ ፋንታ የማዳበሪያ ዳፕ እንጠቀም ለሚሉ፦ ዳፕ ማለትም አሞኒየም ፎስፌት በእርግጥ ጥጡን ወደ ከሰል ስለሚለውጠው ነበልባሉ ማገዶ ያጣል። ነገር ግን ሲተኮስ አሲድ ይለቅና ክሩን ያሳሳል፤ የማዳበሪያው ቆሻሻም ጨርቁን ያጠቁራል።

ቦሪክ አሲድ በአውሮፓ ኅብረት ለመራባት ጤና ጎጂ ተብሎ ተመድቧል። ጓንት ይደረግ፤ የሕፃናት ልብስና አንሶላ ፈጽሞ አይነከርበት። መጋረጃው አንዴ ከታጠበ ጨው ሁሉ ስለሚሄድ፣ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ መንከሩም ፍተሻውም ይደገም።