«ተቀምጧል» ከማለቴ በፊት

የቃለ መጠይቅ ማስታወሻ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር፤ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው በቀጥታ ፍላሽ ላይ ነው። አንዲት ተጠቃሚ የግማሽ ቀን ሥራዋን አስቀመጠች፣ «ተቀምጧል» የሚለውን መልእክት አነበበች፣ ፍላሹን ነቅላ ሄደች። በማግስቱ ስትከፍተው ከፋይሉ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር፤ መጠኑ 0 ባይት። «በአግባቡ ሳያስወጡ ስለነቀሉት ነው» ብዬ ልመልስላት ስል፣ «ፕሮግራሙ ራሱ ተቀምጧል ብሎኛል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያልሆነውን ሆኗል ያለው የእኔ ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራም «ጻፍ» ሲል ሥርዓተ ክወናው ዳታውን ይቀበልና ለጊዜው በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ያቆየዋል። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓተ ክወና የተለመደ ቅንብር ይህ ቆይታ 30 ሰከንድ ያህል ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 10 በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1809 እትም ጀምሮ ለተነቃይ ዲስኮች ፈጣን ማስወገድን (ዳታው በሜሞሪ ሳይቆይ ወደ ዲስኩ እንዲጻፍ የሚያደርገውን ቅንብር) ቀዳሚ ምርጫ አድርጓል፤ ይሁን እንጂ ጽሕፈቱ ገና መሐል ላይ እያለ ለሚነቀል ፍላሽ ይህ መድኃኒት አይሆንም።

የእኔ ኮድ ደግሞ የባሰ ነገር ያደርግ ነበር። የድሮውን ፋይል ከፍቶ መጀመሪያ ባዶ ያደርገዋል፣ ከዚያ አዲሱን ይጽፋል። በሁለቱ መሐል ፍላሹ ከተነቀለ አሮጌውም አዲሱም የለም። ስለዚህ አዲሱን በሌላ ስም መጻፍ፣ ኤፍሲንክ በሚባለው ጥሪ ዳታው ፍላሹ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ስሙን መቀየር ጀመርኩ። ብዙ ፍላሾች ፋይል የሚያደራጁበት ፋት32 የሚባለው ሥርዓት የለውጥ መዝገብ (የተጀመረ ለውጥ ቢቋረጥ ለማስተካከል የሚያገለግል ማስታወሻ) ስለማይይዝ የስም ቅየራው ራሱ መሐል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቀድሞውን ቅጂ አልሰርዘውም፤ እያንዳንዱ ቅጂ ተራ ቁጥርና የሲአርሲ ማረጋገጫ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ ጽሑፉ መበላሸቱን የሚያሳይ ቁጥር) አለው፣ ፕሮግራሙም ሲከፈት ማረጋገጫው ከሚገጥምለት ውስጥ የቅርቡን ይመርጣል።

ብዙ ቀን የፈጀብኝ ግን ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ምን ላድርግ የሚለው ነበር። ደግሜ እሞክር ነበር፣ ሁለተኛውም ሙከራ ይሳካል። በሊኑክስ ላይ ያ ስኬት ባዶ ሊሆን ይችላል፦ መጻፍ ያቃተው ዳታ ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ እንደተጻፈ ተቆጥሮ ይታለፋልና ሁለተኛው ጥሪ የሚጽፈው ነገር አያገኝም። ይህን ስረዳ በጣም ደነገጥኩ። አሁን ስህተት ከመጣ ያንን ፋይል እተወዋለሁ፤ በሜሞሪ ከያዝኩት ጽሑፍ ሌላ ፋይል ከዜሮ እጽፋለሁ።

ሙከራውን በእጄ ጀመርኩ። የዩኤስቢ መሰኪያ ውስጡ ሲታይ በዳር ያሉት የኤሌክትሪክ መስመሮች ከመሐለኞቹ የዳታ መስመሮች ይረዝማሉ፤ ሲነቀል መጀመሪያ የሚቋረጠው ዳታው ነው። ቀስ ብዬ ስስበው የፍላሹ መብራት ሳይጠፋ ኮምፒውተሩ ግንኙነቱን ያጣል። በእጅ መንቀል ግን ጽሕፈቱን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያቋርጠውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን የጽሕፈት ጥሪ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን እያለ በየተራ የሚያከሽፍ የሙከራ ኮድ ጻፍኩ። ፋይል ሲዘጋ የሚመጣውን ስህተት ጨርሶ እንደማላየው ያጋለጠኝ ይህ ነው።

ሌላው ስህተቴ ፍላሹን በድራይቭ ፊደሉ (ዊንዶውስ በሚሰጠው እንደ E: ያለ ፊደል) መለየቴ ነበር። አንዱ ተነቅሎ ሌላ ሲሰካ ያንኑ ፊደል ሊያገኝ ይችላል፤ የአንድን ሰው ማስታወሻ በሌላ ሰው ፍላሽ ላይ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም። አሁን በእያንዳንዱ ፍላሽ ላይ የራሱን መለያ አኖራለሁ፤ ከመጻፌም በፊት አነበዋለሁ።

«ተቀምጧል» የሚለው መልእክት ከበፊቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ እስከዚያው «በማስቀመጥ ላይ ነው፣ አይንቀሉ» ይላል። ፕሮግራሙ ቀርፋፋ ሆነ ያሉኝ አሉ፤ ወደ በፊቱ ግን አልመለስኩትም። የሚያሳስበኝ ዳታውን በራሳቸው ጊዜያዊ ማከማቻ ይዘው ጨርሰናል የሚሉ ፍላሾች መኖራቸው ነው። ለእነርሱ ያለኝ መከላከያ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ የማስቀረው ቅጂ ነው፤ ፍላሹ እንደገና ተሰክቶ ፋይሉ እስኪነበብና ማረጋገጫው እስኪገጥም ድረስ አልሰርዘውም።