ስፖንጁ ንጹህ እንዲመስል አልፈልግም

ብዙ ሰው የዓሣ ገንዳ ሲያጸዳ ዓሦቹን በባልዲ ያወጣል፣ ውሃውን በሙሉ ይደፋል፣ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ ያሻል፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ነጭ እስኪሆን ይጨምቃል። ለጊዜው ገንዳው ያምራል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ውሃው ነጣ ብሎ ይደፈርሳል፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈትና መክደን ይጀምራሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ትልቅ ጽዳት አላደርግም። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ሳላቋርጥ ነው የማጸዳው።

ምክንያቱ ይኸውና። ከዓሣው ሰውነት፣ ከኩሱና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ደግነቱ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው እንጂ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው አይደለም። ስፖንጁን ተህዋስያን የሚገድል ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ማጠብ ማለት የገንዳውን ሠራተኞች በአንድ ቀን ማባረር ነው። አዲስ ገንዳም ዓሣ በብዛት ለመቀበል ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈልገው ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ነው።

በየሳምንቱ ሳጸዳ በቅድሚያ የማደርገው ማሞቂያውንና ማጣሪያውን ከሶኬት መንቀል ነው። ማሞቂያው ሳይበርድ ውሃው ከጎደለበት መስታወቱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሩብ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ። እርጥብ እጅና ኤሌክትሪክ እንደማይስማሙ መቼም ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥሎ የውስጡን መስታወት ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። ይህ ከጠጠሩ በፊት ነው መሆን ያለበት፤ ከመስታወቱ የሚረግፈው አረንጓዴ ሽፋን (አልጌ) በኋላ አብሮ ይወጣልና።

ከዚያ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ እሞላና ጫፎቹን በጣቴ እይዛለሁ። አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ፣ ሌላውን ከገንዳው ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ አድርጌ እለቃለሁ። በአፍ መሳብ አያስፈልግም፤ ያንን ውሃ መቅመስ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም። ቱቦውን ጠጠሩ ውስጥ ወጋ ወጋ ሳደርገው ቆሻሻው እየተነሳ ይሄዳል። ጠጠሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አላዳርሰውም። ዛሬ ግማሹን ከነካሁ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆየዋለሁ። ከገንዳው ውሃ ሩብ ያህሉ ሲወጣ አቆማለሁ።

ባልዲው ውስጥ ያለውን አሮጌ ውሃ ወዲያው አልደፋውም። ማጣሪያው ውሃ መግፋት ከደከመው ስፖንጁን እዚያው ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ውሃ ካሳለፈ በቂው ነው። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ በየወሩ ቀይሩት የሚል ተጽፏል። እኔ እስኪበጣጠስ ድረስ አልቀይረውም። ሲቀየርም አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ ጥቂት ሳምንት አብሮ መቆየት አለበት።

አዲስ ውሃ ሲጨመር ትልቁ ጉዳይ ክሎሪን ነው። ውሃን አንድ ቀን ክፍት አድርጎ ማሳደር ተራውን ክሎሪን ያበንነዋል። ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ማጽጃ) የተጨመረበት ከሆነ ግን ማሳደሩ አይበቃም። ስለዚህ ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ እጠቀማለሁ። ሙቀቱም ከገንዳው ጋር እንዲቀራረብ በቴርሞሜትር አያለሁ። ሶኬቱን የምመልሰው ማሞቂያው በደንብ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ማጣሪያው ውሃ ማዞር መጀመሩን ሳላይም አልሄድም። ለረጅም ሰዓት ከቆመ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ያጣሉ።

ገንዳው ሲጎድል እየሞሉ መሄድ ውሃ መቀየር የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ናይትሬቱም ማዕድናቱም እዚያው ይቀራሉ። ጥርት ያለ ውሃም ሊያታልል ይችላል፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም። የውሃ መመርመሪያው አሞኒያንና ናይትራይትን 0 ካሳየኝ፣ ናይትሬትም በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ከሆነ እረጋጋለሁ።

አረንጓዴውን አልጌ መፋቅ የሰለቸው መብራቱን ይቀንስ። በቀን 8 ሰዓት ይበቃል። ገንዳውንም ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ ነው። መስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ነጭ መስመር በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ይለቃል፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ጠረግ ማድረግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ድካም የሚቀንሰው ምግቡን መመጠን ነው። በሁለት ደቂቃ የማይጨርሱት ምግብ ወርዶ ጠጠር ውስጥ ይበሰብሳል። ችግሩ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዓሣ ማብላት ይወዳል። ዓሦቹ ደግሞ ሰው ባዩ ቁጥር እንዳልበላ ሆነው ይቀርባሉ። ስለዚህ የቀኑን ምግብ ጠዋት በትንሽ ክዳን ለይቼ አስቀምጣለሁ። ክዳኑ ባዶ ከሆነ በልተዋል ማለት ነው። ዋናው ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።