አውራ ጣት የሚገባባት ጉድጓድ

ዛሬ ጀርመን፣ ድሬዝደን ነበርኩ። ከኤልበ ወንዝ ዳር በብሩል ሰገነት ላይ ስንሸራሸር ሰዎች ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን የብረት አጥሩ ላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ሲከቱ አየሁ። እኔም ከተትኩ። ልክክ አለ! በጉልበቱ የታወቀው የሳክሶኒ (ድሬዝደን ዋና ከተማዋ የሆነች የጀርመን ግዛት) ገዥ ንጉሥ አውግስጦስ ጣቱን ተጭኖ ያተማት ነው ይላሉ። ችግሩ፣ ሰውዬው በ1733 (እ.ኤ.አ.) ሞቷል፤ ቦታው ለብሩል የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተረት ነው ባጭሩ።

ቀልቤን የወሰደው ግን ባለስሙ ነው፤ ካውንት ሃይንሪሽ ፎን ብሩል። በ1700 ተወልዶ፣ በቤተ መንግሥት ብላቴናነት ጀምሮ፣ በ1746 የሳክሶኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አዲሱ ንጉሥ፣ የአውግስጦስ ልጅ፣ አደንና ሥዕል እንጂ ወረቀት አይወድም። ሥራውን ሁሉ ለብሩል ጣለለት። ብሩልም እጁ አላጠረም፤ የማይሰን ሸክላ (ፖርሴሊን) ፋብሪካ ከ2,000 በላይ ዕቃ ያለው የገበታ ስብስብ ሠራለት። ሳህኖቹ ላይ አንገተ ረጃጅም የውሃ ወፎች ይዋኛሉ። እኔ ቤት ስድስት ሲኒ እንኳ ሞልቶ አያውቅም።

በ1756 ጎረቤቷ የጀርመን መንግሥት ፕሩሲያ ሳክሶኒን ወረረች። የሳክሶኒ ጦር ፒርና ላይ እጁን ሰጠ፤ ንጉሡ የፖላንድም ንጉሥ ስለነበር ከሚኒስትሩ ጋር ዋርሶ ገባ። ዕዳው ለሕዝቡ ቀረ። ጥቅምት 1763 ንጉሡ አረፈ፤ ወሩ ሳያልቅ ብሩልም ተከተለው። የብሩልን ሥዕሎች የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ገዛቻቸው።

ተመልሼ ስሄድ አንድ ሕፃን አባቱ አንስቶት ጣቱን እየከተተ ነበር። ጉድጓዷ ሰፍታበት ሳቀ።