ስሟ ጮክ ተብሎ ሲጠራ

ለሰብአዊ መብት ለሚታገሉ ሰዎች የሚሰጠው የሳካሮቭ ሽልማት ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ብሩን ነው፣ 50 ሺ ዩሮ ነው እሺ፣ ግን እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ማን ማን እንደተሸለመ ነው። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀምረው ለማን እንደሰጠው እዩማ፣ አንዱ ኔልሰን ማንዴላ፣ ያኔ ገና እስር ቤት ነበር፣ ሌላው አናቶሊ ማርቼንኮ የሚባል የሶቭየት ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ ብሎ የረሃብ አድማ ካደረገ በኋላ በ1986 እዛው በእስር እያለ ሞቷል። ሁለቱም መጥተው ሊቀበሉ አይችሉም! ሽልማቱ የተሰየመለት ሳካሮቭ ራሱ እኮ የሃይድሮጂን ቦምብ ከሰሩት የሶቭየት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆኖ ኋላ ለመብት ሲሟገት ጎርኪ ከተማ በግዞት የኖረ ሰው ነው።

እዚህ ሀዋሳ ቡና ላይ ይሄ ወሬ ከተነሳ አንድ ጓደኛዬ "ፈረንጅ ሸለመ አልሸለመ ለእስረኛው ምን ይፈይድለታል፣ በር አይከፍትለት" ይላል። በር ላይከፍት ይችላል፣ እውነቱን ነው። ግን እኔ የብርቱካን ሚደቅሳን ነገር አልረሳም። ዳኛ እያለች የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ ይውጣ ብላ የወሰነችው ብርቱካን፣ ከ97 ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚ መሪዎች ጋር ታስራ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት በይቅርታ ወጥታ እንደገና የታሰረችው፣ እኛ ካፌ ቁጭ ብለን ስሟን ስናነሳ ግራ ቀኙን አይተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር፣ ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያውቀዋል። እሷ እ.ኤ.አ. በ2010 (በኛ መስከረም 2003 በተፈታችበት ጊዜ) ለሳካሮቭ መጨረሻ ከቀሩት ሦስት ዕጩዎች አንዷ ነበረች። እኛ የምናንሾካሹከውን ስም እዛ ፓርላማ ውስጥ በግልፅ ጠሩት፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የታሰረ ሰው ላይ የሚሰራው አንዱ ግፍ እኮ እንዲረሳ ማድረግ ነው።

ያን ዓመት ያሸነፈው የኩባ መንግሥት ተቃዋሚው ጊየርሞ ፋሪኛስ ነበር፣ ከአገሩ እንዳይወጣ ስለተከለከለ ፓርላማው በሚሰበሰብበት ስትራስቡርግ ላይ ለሱ ባዶ ወንበር አስቀመጡለት።

የሚያናድደኝ ግን እኛው የራሳችንን ሰዎች ስም ለመጥራት ፈረንጅ እስኪሸልማቸው መጠበቃችን ነው። ቦጋለች ገብሬን ውሰዱ፣ እዚሁ ከምባታ ተወልዳ የሴት ልጅ ግርዛትና ጠለፋን መንደር ለመንደር እየዞረች የታገለች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ቤልጂየም የንጉሥ ቦዱዋንን ሽልማት የሰጠቻት። ከዱራሜ እስከ ሀዋሳ ስንት ሰዓት መንገድ ሆኖ ነው እዚህ ስለሷ የማያውቅ ወጣት የበዛው? ህግ የምታጠኑ ልጆች ካላችሁ እባካችሁ ስለሷ ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ለታናናሾቻችሁም ንገሩ።